የጥያቄ ሣጥን

ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ። ግንቦት። መብራት ሄዷል፤
ማራገቢያው ጣራው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል።
ከታይዋን ገበያ የመጣ የጫማ ካርቶን
አናቱን ቀደድኩት፤ ሆነ የጥያቄ ሣጥን።
"ስም አይጻፍ" አልኳቸው፣ "የሚያሳፍር የለም፤
የቤተሰብ ትምህርት ነው፣ ሐሜት አይደለም።"

መጀመሪያ ሳቁ። ሙኒብ ተንከተከተ፤
የኢፍቱ ፊት ሻሿ ውስጥ ገብቶ ተከተተ።
ኋላ ግን ጎረፈ፦ ስለ ብጉር፣ ስለ ወር አበባ፣
"እምቢ ካለችኝ ልጅ ጋር እንዴት ልግባባ?"
"እምቢ ማለት እምቢ ነው" ጻፍኩኝ በጠመኔ፤
እስከዚያች ድረስ መልስ አላጣሁም እኔ።

የመጨረሻዋ ግን አራት የታጠፈች፣ በላብ የራሰች፦
"ቲቸር፣ እኛ ቤት ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም።
'አባትሽን በይው'፣ 'እናትሽን በያት'፤
ሰሌዳው ላይ ከሳሉት ቤተሰብ
መልእክተኛዋ የቱ ጋ ናት?"

ደወሉ ጮኸ።
ፊደሉን አላውቀውም፤ ቃሉን ግን አውቀዋለሁ፦
ዛሬ ጠዋት ልጄን "ጋዝ አልቋል በይው" ብያለሁ።

ደቻቱን በአሸዋው አቋርጬ ደረስኩ። ልጄ ደጃፉ ላይ፣
"አባዬን ምን ልበለው?"
"ተይው" አልኳት። ጫማዬን ሳላወልቅ ዘለቅሁ፤
ከጥር ወዲህ ያልጠራሁትን ስም ጠራሁ፤
አፌ ውስጥ እንደ አሮጌው ሐዲድ ሲጢጥ አለ።