አንድ ያደማል

ጥር ነው ሳስካቱን፤ ብርዱ ሠላሳ አምስት፣ ከዜሮ በታች፤
የአውቶቡሱ መስኮት በውስጥ በኩል ነጭ፣ የወንዙ ጀርባ ነጭ።
ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
«ያንን የሚጮኸውን ፊቴ አታስጠጋብኝ፣ እወቅ!»
አለኝ ኦረስት፣ ልጁ ከቫንኩቨር የላከችለትን
ባለባትሪ መላጫ በዓይኑ እየሸኘ።
እጁ ይንቀጠቀጣል። የሁለት ሳምንት ጢም
እንደ ታጨደ ማሳ ጉንጩን ሞልቶ ተገኘ።

መሳቢያ አስከፈተኝ። በመሃረብ የተጠቀለለ፣
ከባድ፣ እጀታው የተሸበሸበ፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለ፣
ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር የተቀረጸበት።
«እህል ጎተራው ሲቀጥረኝ፣
በፊተኛው ደሞዜ የገዛሁት» አለ፣ «በስድሳ ሁለት።
ቁጥሩ በጨመረ ምላጩ ብቅ ይላል፤
አንድ ይደባብሳል፣ ዘጠኝ ግን ያርሳል።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፕላስቲክ መላጫ ጎትቼ የጣልኩ፣
«ይልቃል» ማለት አቅቶት «ያክ» ለሚለኝ ሰው «እችላለሁ» አልኩ።
ማታ ግን ይዤው ሄድኩ፤
በሰው ጉንጭ ከመማር
በራስ አገጭ መድማት ይሻላል በሚል ነገር።

ፈርቼ አንድ ላይ አደረግሁት። አልቆርጥ ሲል ተጫንኩት፤
ጎተተኝ እንጂ አልቆረጠም፤ ደግሜ ተጫንኩት፤
ከማንቁርቴ በታች ቀይ ክር ሲወርድ አየሁት።
የኔ ጢም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፣
ተጠምዝዞ ወጥቶ፣ ተጠምዝዞ ሊገባ ቆዳዬን የሚፈልገው።
በማግስቱ በእልህ ስድስት።
ስድስት አልጠየቀኝም፤
ከአገጬ ጥግ ቆንጥሮ ሄደ፣ ይቅርታም አላለኝም።

በየቁስሉ የሶፍት ቁራጭ ለጥፌ ገባሁ።
ኦረስት ሳቀ፣ ሳለ፣ ደግሞ ሳቀ፤ ውኃ አመጣሁ።
«አንዱ የዋህ መስሎህ ነው፤ የሚያደማህ እሱ ነው፤
ምላጩ ሲለግም ክንድህ ይበረታል፣ ያኔ ነው የምትቆረጠው።
አራት ላይ አድርገው። እጀታውን እንደ ወፍ ያዘው።
ክብደቱ ይሥራ፤ አንተ መንገዱን ብቻ አሳየው።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤
የተማረው ጆሮዬ ነው፤
ልክ ሲሄድ ይንኮሻኮሻል፣ ሲሳሳት ጭጭ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጢሙን በመቀስ አሳጠርኩ፣
አዲስ ምላጭ አስገባሁ፣ ሙቅ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣልኩ፣
ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ እስኪሆን መታሁ።
ጉንጩ በአራት ሄደ። ከአፍንጫው ሥርም በአራት።
አንገቱ ጋ ደረስኩ፤
ቆዳው የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከሥሩ የደም ሥር ሲመታ ይታያል፣
ቀስ ብዬ ቀለበቱን መለስኩት ወደ ሁለት።

«አራት!» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ስታዞረው ሰማሁት።»
«ቆዳህ እኮ...»
«ቆዳዬን ሰማንያ ስድስት ዓመት ለብሼዋለሁ። አራት!»

መለስኩት። ግራ አውራ ጣቴ ወጠረ፣
ቀኜ ሳይጫን ወረደ።
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን።
ተንኮሻኮሸ። ሄደ።

በሚንቀጠቀጥ መዳፉ ፊቱን ዳሰሰ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣
ስንዴ ሲያይ ኖሮ እንደሁ፣ ግርድ እንደሚፈልግ እጅ፣
ከግራ ጆሮው ሥር ቆመ።
«እዚህ ሦስት ትተሃል።»
«አየሁ፣ አልደረስኩባቸውም።»
«ዓርብ ትመጣለህ?»
መላጫውን አጥቤ አደረቅሁ፤
አራት ላይ እንዳለ
መሃረቡን ጠቀለልኩበት።