ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ሰባት ሰው ቁጭ ብሏል ወንበር ተሻምቶ፣
ከታቦር ግርጌ፣ የቀበሌ አዳራሽ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ። ከእጄ እስክሪብቶ፣ ከጉልበቴ ደብተር አይሸሽ።

ደብዳቤው መሀል ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል፤
ከአዲስ አበባ ነው፣ ማኅተም ተመቷል።
«ዱካሞን ስጡን» ይላል፣ «ለአሥራ ሰባት ዓመት በታች ቡድናችን፤
በለውጡ አንድ በረኛ፣ አንድ ተከላካይ፣ ሃያ አዲስ ኳስ ከእኛ ከወንድማችሁ።»
(«ወንድማችሁ» የሚለው ላይ አንዱ ሳቀብን።)

ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ዘነቡ
መዝገቧን ገልብጣ፣ «እስኪ አስቡ፣ አስቡ፤
የሜዳ ኪራይ አለ፣ የባጃጅ ዕዳ፣
የዚያ የተሰበረው ልጅ የሐኪም ፍዳ።
ልጅስ ይወለዳል፣ ሐምሌም ሆነ ታኅሣሥ፤
ማን ይወልድልናል እስኪ ሃያ ኳስ?»

ሳቅን። ከዚያ ዝም። ከመስኮቱ ማዶ
አባ ኮዳ ቆሟል፣ እንደ ሽማግሌ ካፖርቱ ከብዶ።

አሠልጣኝ ሹራሞ ጉልበቱን እያሸ፣
ድምፁ ከወትሮው ዝቅ እያለ፣ እየሸሸ፦
«እኔን» አለ፣ «ያኔ፣ በልጅነቴ፣
በጄኔሬተር ነው የለወጡኝ ከቤቴ።
ጄኔሬተሩ ሁለት ክረምት አበራ፤
እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንድ ቀን ሳላበራ
ተመለስኩ።»
              ሌላ አልጨመረም።

እጅ ወጣ። ስድስት። የዘነቡ ሰባተኛ፣
ዘግይቶ፣ ሻንጣ እንደከበደው መንገደኛ።
«አይሰጥም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል፣ አራት ነጥብ።
ደስ አለን፤ ዳቦ የመለሰ ረኃብተኛ የሚሰማው ዓይነት ጥጋብ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ልጁ ተቀምጧል።
ጫማውን አጎቱ በመረብ ክር ሰፍቶለት፣ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።
ምን አላችሁ አላለም።
ሹራሞ ትከሻውን ነክቶ፣ «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እንዳትዘገይ» አለው።
«እሺ» አለ ዱካሞ።
ብዙ «እሺ» ሰምቻለሁ ሐዋሳ ስኖር፤
የዚህኛውን ግን ፍቺ አላገኘሁትም፣ ጨለማው ይመርምር።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ።
«በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል፣ በገዛ እጄ የጻፍኩ።
ሰባት ፊርማ አለ ከሥሩ፣ የዘነቡ ትንሽ ተጣሞ።
ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት።
                  የትም የለም ዱካሞ።