መቅደጃው መስመር

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከመንገዱ ኋላ፣
አንድ ክፍል አለችኝ ማተሚያ ቤት ተብላ፤
የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የእድር ደረሰኝ፣
ከሁሉም ግን ትኬት ነበር ያቆመኝ።

ቀለምና ቁጥሩን ስጨርስ በማለዳ፣
ማንያህልሻል፣ ባለቤቴ፣
ከስፌት መኪናዋ ክሩን አውጥታ
በባዶ መርፌ ትሰፋዋለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፤
ሳይቆረጥ፣ ሳይለያይ፣
ለአንድ ቀዳጅ ጣት የተሰናዳ።

ከመሐል ሜዳ ባናውን ተከናንቦ የመጣ፣
ከደብረ ሲና በሚኒባስ ዋሻውን አልፎ የወጣ፣
ደጄ ላይ ይሰለፋል። ዋጋው ከከበደው
ማዶ ፀጉር ቤቱ፣ አንጋሱ ዘንድ ነው እግሩ የሚወስደው።
አንጋሱ አምስት ብር ይቀንሳል፤
እኔ በንዴት ስድስት፤ ሰላምታ እንኳ ይቀራል።
በእኛ ጠብ ውስጥ ግን ሰዉ ጠግቦ ያድራል።

በር የበዛበት አገር ነው፤ ጣርማ በር፣ አንኮበር፤
አንድ ድርጅት መጣና ራሱን አለ «ሰፊ በር»።
መጀመሪያ አዳራሹን በዐሥር ዓመት ውል፣
ቀጥሎ ስታዲየሙን፣
ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን፣ መብራቱን፣ ጄኔሬተሩን፣
ቀጥሎ በፊርማ የዘፋኙን ጉሮሮ
ጠቀለለ።
አዘጋጆቹንም ሻይ ጋብዞ፣ በጨዋ አንደበት፣
«ትኬቱ በእኔ ካልተሸጠ አዳራሽም የለ» አለ።
ላሚቱም የእሱ፣ ማለቢያውም የእሱ፤
ጥማቱ ብቻ የእኛ።

አሁን ትኬት ስልክ ውስጥ ነው፤ ፊቱ አራት መቶ ይላል።
ጣትህን ስታሳርፍበት ይወልዳል፤
የአገልግሎት አርባ፣ የማቀላጠፊያ ሃያ፣
የመላኪያ ዐሥር። ምኑን ነው የሚልክ? ወረቀት የለ፣ ማሸጊያ!
ጽጌማርያም፣ የእህቴ ልጅ፣
ስንት ብርድ ልብስ እንደምታወጣ ቆጠረች ለአንድ ምሽት፣
ስልኩን ዘግታ ተኛች በጊዜ፣ እንደ አሮጊት።
ሌሊቱን ነፋሱ ከበሮውን ብቻ እያመጣ
ቃሉን እዚያው ያስቀር ነበር።

ጥቅምት፣ ውርጩ ባቄላውን በለበለበ ሰሞን፣
ከንግድ ውድድር ቢሮ መርማሪ መጣች፤ እንግዳወርቅ።
ጃኬት አልያዘችም፤
የደብረ ብርሃንን ጥቅምት ማን ይንገራት?
«ወሬ አይከሰስም፣» አለች፣ «ማስረጃ አለህ?»
የጫማ ካርቶን አወጣሁ፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ጉማጅ፣
ዋጋው ከነቀኑ፣ ከነቀዳጁ አሻራ።
ጣቷ እስኪደነዝዝ ቆጠረች፣
ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ወደ ጋራ።
ሚስቴ ባና ደረበችላት።

ምስክር ሲጠራ ግን ከተማው ሳል ያዘው።
አንጋሱ «እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ» አለ።
ወንድይፍራው፣ አዘጋጁ፣ ስልኩን አጠፋ።
ዘፋኙ «ውል አለብኝ» አለ፤
ድምፁ የእሱ አልነበረም።

እኔ ፈረምሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤
የሚወሰድብኝ ሥራ አልቀረኝም።

ግንቦት ላይ ውሳኔው ወጣ፤ ዐሥራ ሰባት ገጽ፤
«የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም»፤
ይቀጣ ተባለ፣ ውሉም ይፍረስ።
ማኅተሙ ሳይደርቅ ሰፊ በር ይግባኝ አለ።
በሰኔው ትኬት ላይም አዲስ መስመር በቀለ፤
«ልዩ ልዩ፣ ዐሥራ አምስት ብር»።
ቅጣቱን ማን እየከፈለ እንደሆን
ጠንቋይ ቤት የሚያስኬድ ነገር አልነበር።

ማንያህልሻል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው፣
ሊሰፋ እንደመጣ ጨርቅ ገለባብጣ አየችው።
«በሥርዓት ተበስቷል፣» አለች፤
«ጣት ነው የጎደለው።»
ከዚያ የመኪናዋን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣
ባዶ ወረቀት አስገባች፣
ክር አላስገባችም።
«ለማን ነው?» አልኋት።
«እጄ እንዳይረሳው።»
ጠቅ፣
ጠቅ።