የነፋስ መዝገብ

ማንጂል ይሏታል፤ ነፋስ የከተመባት፣
ወይራው ሁሉ ጎንብሶ ደቡብ የሚያይባት።
ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ባርኔጣዬ ሄደ፣
በሦስተኛው ቀን ወረቀቴ አጥር ዘሎ ነጎደ።

ያም ወረቀት ቁጥር ነው፤ ሌላ ሀብት የለኝም፣
የሒሳብ ሰው ነኝና ነፋስ አይገባኝም።
ግን "ና" ተባልሁ፣ መጣሁ፤ አራት ሆነን ለአንድ ጥናት፣
በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ዓይነት ጥማት።

ቱራጅ የተርባይን ሰው ነው፤ ተኝቶም ክንፍ ይቆጥራል፣
ሻዩን እፍ ሲልበት እንኳ ፍጥነቱን ይገምታል።
ኢስፋንድ መሐንዲስ ነው፤ በሚናወጥ ብረት ላይ
ትንሽ ግንብ ያቆማል፣ እንዴት እንደሚወድቅ ሊያይ።
ማህላቃ የሰው ነገር ታጠናለች፤ መሣሪያዋ ጆሮዋ ነው፣
ሻይ ሦስቴ እስኪቀዳ ዝም ብላ መስማት ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነበር፦ ነፋስ ግንቡን ሲገፋ
ምድርም ከሥር ብትነሣ፣ የማን ክንድ ነው የሚከፋ?
መልሱን የምታውቅ አንዲት ሌሊት ነበረች፤
ከተማዋን አፍርሳ ሳትጠየቅ ያለፈች።

ማህላቃ ሠላሳ ሰባት ሰው ጠየቀች በየቤቱ፦
"ከመንቀጥቀጡ በፊት እንዴት ነበር ሌሊቱ?"
አንዱ ኳስ ያይ ነበር፣ ውጤቱ ባዶ ለባዶ፣
አንዷ ወተት ታሞቅ ነበር፣ የልጇ ጡጦ በርዶ።
ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ደገመ፦
"ምድር ሳትነሣ በፊት ነፋሱ ቆመ።"

ቱራጅ ሳቀ። "ማንጂል ላይ በሰኔ ነፋስ አይቆምም፣
ተርባይን የተከልነው ለዚሁ ነው፤ ተረት አንተክልም።"
እኔም አብሬው ሳቅሁ፦ ሰው ይረሳል፣ ቁጥር አይረሳም።

ፋይሉን ከፈትሁ። በየሰዓቱ አንድ መስመር።
አስራ አራት፣ አስራ ስድስት፣ አስራ አምስት ተኩል፣
ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስኪነጋ እኩል።
ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ። ሰዎቹ ልክ ነበሩ!
ቀመር ስጽፍ፣ ስደልዝ፣ ወፎች ተነሥተው ዘመሩ።

ያየው ኢስፋንድ ነው፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ በዝግታ፦
"ዜሮህ ከሰባት ሰዓት ይጀምራል፤
ምድር የተነሣችው ስድስት ተኩል ላይ ነው። በል ፍታ።"

ዋናው ደብተር ራሽት ነበር፣ ከቢሮው ምድር ቤት፣
ዳር ዳሩን አይጥ የቀመሰው፣ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት።
አምስት ሰዓት፦ አስራ ስድስት።
ስድስት ሰዓት፦ አስራ አምስት ተኩል።
ከዚያ ሣጥኖቹ ባዶ።
ዜሮ አይደለም። ባዶ።
ከላይ በሰማያዊ ቀለም፦ መዝጋቢ፣ ሰይፎላህ።

ባዶ ይባላል ያልነፈሰ፣ ባዶ ይባላል ያልተጻፈ፤
አንዱ ቁጥር ነው፣ አንዱ እጅ ነው፣ ብዕር ይዞ ያረፈ።
ኮምፒውተሩ ሲገለብጥ ልዩነቱን ማን ነግሮት?
ሰው የሞተበትን ሣጥን "ነፋስ የለም" ብሎ ሞላበት።

ማህላቃ እጄን ይዛ ጎሃርታጅ ቤት ወሰደችኝ፣
የሰይፎላህ እኅት ናት፤ ወይራ በጨው ሰጠችኝ።
"ሰፈሩ 'ነፋሱ' ይለው ነበር፤ ፋኖሱን ይዞ ሲወጣ
ልጆች ይጮኹ ነበር፦ ነፋሱ ሄደ! ነፋሱ መጣ!
በዚያች ሌሊት በደጄ ሲያልፍ፣ ለወትሮው የማይቆመው፣
ቆመ። ልጄ ስትስል ሰምቶ። 'ውሃ ስጫት' ነው ያለው።
ከዚያ ወደ ጣቢያው ወጣ።
በቀብሩ ሙሾ ሳወርድ እኔ ነኝ ያወጣሁት፣
'ነፋሱ ቆመ' ብዬ። ሰዎቹ ያኔ ነው የያዙት።"

ሠላሳ ሰባት ምስክር፣ ነጻ ናቸው ብዬ የደመርሁ፣
አንዲት አልቃሽ ነበረች። ሒሳቤን ከሥሩ ሰረዝሁ።

ገምጋሚው ጻፈልን፦ "የጎደለውን በግምት ሙሉ።"
ቀላል ነው፤ ሙያዬ ነው፤ ቁጥሮች ዳር ዳሩን አሉ።
ቱራጅ አስራ አምስት ተኩልን ለስሌቱ ወሰደ፣
ኢስፋንድ ብረቱን አስነሣ፤ ግንቡ ቆመ፣ አንድ ብሎን ወረደ።
እኔ ሣጥኑን ተውሁት። ከግርጌው ስም ጻፍሁበት፤
ነፋስ እንዳይወስደው ገጹን
የጎሃርታጅን የወይራ ማሰሮ ጫንሁበት።