በቅጹ ላይ አንድ ጣት ያህል ቦታ

አራት ቀን ሰጡን ለጥናቱ፣
አራት ቀን፣ ከነጉዞው፣ ከነሌሊቱ።
ሜኮንግ በበጋ ጎድሎ ጎኑን ሲያሳይ፣
የአሸዋው ጀርባ እንደ ተኛ ጎሽ ሲታይ፣
ደረስን በጀልባ፣ እኔና ኩንቲያ፣
ገመድ ይዘን፣ ካሜራ፣ የርቀት መለኪያ።

ወደቡ የሚሠራው እዚሁ ነው ተብሏል፤
ቀይ ጨርቅ የታሰረ ችካል ተተክሏል።
መሐንዲሱ ቪቼት ጨዋ ነው፣ አይዋሽም፤
"ካለች እናዞራለን፤ ከሌለች ግን አይመሽም።"

ያላት ኤሊ ናት፣ ድንጋይ የማትለብስ፣
ጀርባዋ እንደ እርጥብ ቆዳ የሚለሰልስ፤
ደለል ውስጥ ተቀብራ ዕድሜዋን የምትገፋ፣
አፍንጫዋ በቀን ሁለቴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ።
ለሌላው መታየት ሕይወት ነው፤ ለእሷ ሞት፤
አለመታየት ነው ጥሪቷ፣ እሱው ነው ቤት።

በመጀመሪያው ቀን ዳር ዳሩን በእግር ለካን፣
ጎርፍ ሥራቸውን ያራቆታቸውን ዛፎች ቆጠርን።
ድንገት ኩንቲያ "ቁሚ!" ብላ ጮኸች፤
አንዲት ወፍ ከራሳችን በላይ ትዞራለች፤
ከጫማዬ ፊት፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣
ሦስት እንቁላል፣ መልኩን ከአሸዋ ሰርቆ።
ጻፍኩት። እጄ ግን እስከ ማታ ተንቀጠቀጠ።

በሁለተኛው ቀን ነፋስ። ካሜራው አሸዋ በላ።
በሦስተኛው የውሻ ዱካ፣ የተበጠሰ መረብ፣
የአንድ ሕፃን ነጠላ ጫማ፣ ሌላ ምንም።

ማታውን ወደ ድንኳናችን መጣ ታ ሴንግ፣
ክሮማውን አሸርጦ፣ በእጁ የቀርከሃ ዘንግ።
በዚህ ዘንግ ነበር ድሮ አሸዋውን እየወጋ
እንቁላል አውጥቶ የከፈለ፣ የልጁን ትምህርት ዋጋ።
"ዘንጉን እምቢ ካለው፣ ወንዝ የደለደለው ነው፤
እሺ ካለው ግን፣ እናት ቆፍራ የደፈነችው ነው።"
አሁን አይወጋም። ይመረኮዘዋል።

ወንዝ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤
ለራሱ ስላጣ ነው መሰል፣ ለሌላው ማደሪያ ይሆናል።

ቅጹ ስድስት ገጽ ነው። ዝርያ፣ ብዛት፣ የውሃ ጥልቀት፤
በመጨረሻው ገጽ ግርጌ አንዲት ጠባብ ሣጥን፣
አንድ ጣት ያህል ቦታ፦ አለች፣ ወይም የለችም።
"አልታየችም" ለማለት ቦታ የለም።
"አልታየችም" የእኔ ዓይን ነው፤
"የለችም" ግን ዓለም።

"ምን ልትጽፊ ነው?" አለኝ። "አልታየችም" አልኩት።
ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ፤ "እኔም ያኔ ይህንኑ ነው ያልኩት፣
ነጋዴዎቹ በሞተር መጥተው፣ ብር ቆጥረው፣ ሲጠይቁኝ።
አንድ ጎጆ ነበረ፣ ሠላሳ አራት እንቁላል፣
እግሬን ግራና ቀኝ አድርጌ ቆምኩበት፤
'ዘንድሮ አልታየችም' አልኳቸው። ሄዱ።
ያው ቃል ነው፣ ልጄ፣ ያኔ ያተረፋት።
አሁን በአንቺ እጅ ሲሆን ግን..."
አልጨረሰውም። ወደ ችካሉ ዞሮ ተፋ።

አራተኛው ቀን። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት።
ጉሙ ከውሃው ገና አልተላቀቀም።
ከዳሩ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ
አረፋ። አንድ።
ተንፋሽ ይዘን ጠበቅን። አልደገመም።
የበሰበሰ ቅጠል ሊሆን ይችላል፣ የጭቃ ግሳት፣
ዓሣም ይሆናል።
ኩንቲያ እኔን አየች። እኔ ቅጹን።

ሣጥኑን ባዶ ተውኩት።
ከኅዳጉ ላይ፣ ቦታው ሲጠብ ፊደሌን እያሳነስኩ፣
"አረፋ፣ አንድ፣ ከ12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ነፋስ አልነበረም።
አራት ቀን አይበቃም" ብዬ ጻፍኩ፤
ከሥሩ ስሜን፣ ሙሉውን፣ ከነአባቴ።

ጀልባችን ሲነሳ ዞሬ አየሁ፤
ታ ሴንግ ዘንጉን አሸዋው ላይ አጋድሞ
ከችካሉ ወዲህ ቆሟል፣
ሁለት እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ።