መሽቶብኛል

ለገዳዲ ስደርስ ፀሐይ ዘቀዘቀች፤
የኋላዋ ጎማ፣ ሳታፍር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች።
ዐሥራ ዘጠኝ ቀኔ ነው ከቤቴ ከወጣሁ፣
ደሴን ነክቼ፣ በጣርማበር ዳገት እየገፋሁ መጣሁ።
አዲስ አበባ እዚያ፣ ከጉብታው ማዶ፣ ሰማዩን አቅልታ፣
ሃያ ኪሎ ሜትር ናት፤ ለሲኖትራክ ሹፌር የግማሽ ሰዓት ጨዋታ።
ለኔ ግን ሌሊት ናት።

ከመንገዱ ዳር ላይ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ጅምር ቤት፣
ፌሮው ሰማይ ወግቶ፣ ስሚንቶ ያለቀበት።
አንኳኳሁ። «መሽቶብኛል፤ የእግዜር እንግዳ ነኝ።»
ይህችን አጭር ቃል ለማለት ስንት ዳገት ፈጀኝ!

የመጀመሪያው ማታ ማንንም አልጠየቅሁም።
እናቴ ስታሳድገኝ «ሰው ፊት አትቁም» ብላ ነው፤ አልቆምሁም።
ሸኖ ድልድይ ሥር አደርሁ፣ ዳቦ ቆሎ ቆርጥሜ፣
እስኪነጋ ድረስ የራሴን ጥርስ ኳኳታ ስሰማ ከርሜ።

ስነሣማ፣ ጉልበት እንጂ ሌላ ምን አገኛለሁ፣
ቢበዛ ከመነዳሪ መለጠፍ እለምዳለሁ፣
ብዬ ነበር።

ውሻ ሲመጣብኝ ዛሬ አልሮጥም፤ እወርዳለሁ፣
ብስክሌቴን በመሃል አድርጌ «እንደምን አመሸህ» እለዋለሁ።
ባለ ሁለት ጎማ አውሬ እንዳልሆንሁ ሲገባው ጆሮውን ይጥላል፣
ያፈረ ይመስላል።
ድንኳን የምተክለው ደረቅ ፍግ አይቼ ነው፤
ንፋስ የማይገባበትን ከላም ይበልጥ የሚያውቅ ማነው?
አንድ ሊትር ውኃ ለፊት፣ ለጥርስ፣ ለእግር፣ ለሻይ፣
ሳብቃቃ አመሻለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው፣ የከተማውን ሁሉ ግድብ ቁልቁል እያየሁ ከላይ።
ሃያ ሁለት ዓመት በውኃ ክፍያ ቢሮ ሒሳብ ሠራሁ፤
ትርፍ ማለት ምን እንደሆነ ግን
ጣርማበር ላይ፣ ሁለተኛውን ሱሪዬን ለመንገደኛ ስሰጥ ተማርሁ።

ባትሪ በራ። ዋቅጋሪ ይባላል፣ ኋላ እንደ ነገረኝ።
ፊቴን አየ፣ ጎማዋን አየ፣ ደግሞ ፊቴን፤ መዘነኝ።
«ደመወዝ የለህም?»
«አለኝ።»
«ታዲያ ምን አድርገህ ነው?»
ይህን ጥያቄ ከደሴ እስከዚህ አልመለስሁትም፤ ዛሬም እንዲያው ነው።
«ግባ» አለኝ፣ «ቤቱ የኔ አይደለም፤ ሌሊቱ ግን የኔ ነው።»

የስሚንቶ ከረጢት አነጠፈልኝ፣ ከድንቹ ግማሽ አካፈለኝ።
ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ውኃ ከውስጡ ወረደ፤
በሰኔ ነው፣ አለ፣ ተረከዙ የተቀደደ።
አንዲት ልጣፍ ቀርታኛለች። ማስቲሹም ሊደርቅ ነው።
ጎማዋን አየኋት፤ ጫማውን አየሁት፤
የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ይህን ግን ሳልደምር ተውሁት።
ፋቅሁት፣ ቀባሁት፣ እፍ አልሁበት፣ በተረከዜ ተጫንሁት።
ዋቅጋሪ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ እንደ ጎማ ጠጋኝ፣ አረፋ ጠበቀ፤
ጠበቀ፣
አጣ፤ ሳቀ።

ጠዋት፣ ጎመን ለጫነ አይሱዙ እጄን አነሣሁ፤
ብስክሌቴን ጎመን ላይ አስተኝቼ፣ እኔም ጎመን ላይ ወጣሁ።
ሹፌሩ ሒሳብ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ስለ ውሾቹ ነው።

የካ አባዶ። አራተኛ ፎቅ።
ፊት ለፊቴ ያሉትን ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስማቸውን የማላውቅ።
ቁልፌ ኪሴ ውስጥ አለ።
ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፌ፣
የራሴን በር ትቼ፣ የነሱን አንኳኳሁ፤
በጠራራ ፀሐይ፣
«መሽቶብኛል» አልሁ።
ከውስጥ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ።