ውል

ኅዳር ነበር፣ ማታ፣ ነፋስ በር ሲገፋ፣
ትያርክ ገባ ከባሕር፣ ድምፁ እንደ ጠፋ።
እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥቦ፣
ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቀርቦ፣
«ውል እንዋዋል» አለኝ፣ «ያንቺ ላንቺ ይሁን፣
የእኔም የእኔ ብቻ፤ ሕግ ፊት ይለይ አሁን።»

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ብርድ ልብስ ሥር
ማን ምን እንዳመጣ ጠፍቶን ስንኖር፣
ከየት መጣ ይህ ውል? ማን አለች ከጀርባ?
የወደቡን ሴቶች ቆጠርሁ እንቅልፍ ሳይገባ፤
ዓሣ መዛኟን ጭምር፣
የመብራት ቤቱን ዘበኛ መበለት ጭምር።

ሴት አልነበረችም።
ባንክ ነበር።

«አዲሱ ሞተር» አለ፣ «ዕዳው እስከ አንገቴ፤
ጀልባዋ ብትሰምጥ ትስመጥ ከነሀብቴ፤
የአባትሽን ቤት ግን፣ ከግድቡ ኋላ፣
ውኃ ያልደፈረውን ባንክ እንዳይበላ።»

ደግ ነበር ነገሩ። ደግነቱ ነው ያመመኝ፤
ለእኔ ሲል ከእኔ ሊወጣ፣ በሩን ክፈቺ ያለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁሱም፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ፣
ውል አዋዋዩ ሽማግሌ፣ ጉንፋን የያዘው ሊቅ፣
ያነባል፤ ያነባል። ግድ ነው፣ ሕጉ ነው፣
ቃል ሳይዘል ጮክ ብሎ ለእኛ የሚያሰማው።
«ባል» ይላል፣ «ሚስት» ይላል፤ እኔም ዞር እላለሁ፣
እነማን ይሆኑ ብዬ በሩን አያለሁ።

ያኔ በሠርጋችን ቄሱ ሲጠይቀን
አንዲት «አዎ» ብቻ ከአፋችን አምልጣን
ሁሉን ፈርመናል፣ ማንም ሳያነብልን።
ያቺን «አዎ» ለመዘርዘር
አሥራ አራት ገጽ ፈጀ።

በጎቹ አሥራ ሁለት፣ የሚስት።
የግድግዳው ሰዓት፣ የሚስት።
መረቡ፣ ገመዱ፣ የባል።

«አንቀጽ ስድስት» አለና፣ አፍንጫውን ጠርጎ፣
መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ፣
«ጌሼ፣ ከነዕዳዋ፣ ከነሞተሯ፣
የባል ብቻ ናት፣ ከአናቷ እስከ እግሯ።
ሚስት በጌሼ ላይ
አንዳችም መብት የላትም።»

ጌሼ እኔ ነኝ።
ጀልባዋንም በስሜ ጠርቷት ነው፣ በሠርጋችን ክረምት፣
በነጭ ቀለም፣ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ፊደሉን አጣሞ።
ትያርክ ጆሮው ቀላ። እኔ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፤
ሳቄ መንገድ ስቶ ዓይኔን በመሐረብ ጠረግሁ።
ሽማግሌው ጠበቀን። ብዙ አይቷል መሰለኝ።
«ልቀጥል?» አለ።
ቀጠለ። ፈረምን።

ማታ መረቡን ዘርግቶ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣
ጣቱ በጥልፍልፉ መሐል እየገባ ሲለይ፣
«ውሉ ጠፋኝ» ይላል።
«ቆርቆሮው ውስጥ ነው» እላለሁ፣ «ከብስኩቱ ሥር።»
ቀና ብሎ አየኝ። የክሩን ጫፍ ነበር የሚፈልገው።

በማግስቱ ንጋት ከባሕር ተመልሶ በሩን አንኳኳ፤
የራሱ ቁልፍ በኪሱ እያለ አንኳኳ።
«ባለቤት አለ ወይ?» አለ፣
«ኪራይ ነው» ብሎ እፍኝ ሽሪምፕ እየሰጠ።
ሳቅን።
በሁለተኛውም ቀን አንኳኳ፤ ሳቅሁለት።
በሦስተኛው ተነሥቼ ከፈትሁለት፣ ብቻ።

በአራተኛው ሌሊት በሩን ገርበብ አድርጌ ተኛሁ።
ቀድሞት የገባው ነፋሱ ነበር።